የእጥበት ቀን

ይህን ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ሦስት ጊዜ ወረቀት አውጥቼ ሦስት ጊዜ መልሼ አስቀምጫለሁ። ነገሩ ስለ አንድ ጡረታ የወጡ ሹፌርና ስለ አንድ የቡና ማሽን ነው። ትልቅ ሥራ የለበትም። ሰውየውንም ከሰፈራችን ሰዎችና ከላምበረት መናኸሪያ የድሮ ሹፌሮች በቀር የሚያውቃቸው የለም። ደግሞም ወደ መጨረሻው እኔ ራሴ የማልኮራበት ነገር አለ። ይህ ሁሉ ለመነበብ የሚበቃ ይሁን አይሁን አላውቅም። እኔ ዝም ብል ግን ሌላ የሚጽፈው ሰው የለም።

የጋሽ እንድሪስን መሞት የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሁለተኛው ሴሚስተር በተጀመረ ሰሞን ነው። ለምሳ ተሰልፌ ሳለሁ እናቴ ደወለች።

«ቤዛዬ፣ በልተሻል?»

«ገና ነኝ።»

«በይ ብዪና ደውዪልኝ።»

እናቴ ክፉ ወሬ ስትይዝ መጀመሪያ ስለ ምግብ ትጠይቃለች። ስለዚህ አልበላሁም፤ ከሰልፉ ወጥቼ መልሼ ደወልኩላት። «ጋሽ እንድሪስ ዛሬ ጠዋት አረፉ። ከሰዓት ይቀበራሉ፤ አንቺ አትደርሺም» አለችኝ። ከዚያ «ልብ ነው አሉ» ብላ ጨመረች። ልብ ብቻ እንዳልነበረ አውቅ ነበር። ከሰፈራችን ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

የምንኖረው ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የእኛ በርና የጋሽ እንድሪስ በር ፊት ለፊት ናቸው። እሳቸው ወሎዬ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከላምበረት ደሴ፣ ከደሴ ላምበረት አውቶቡስ ነድተዋል። ረጅም ሰው ናቸው፤ ሲራመዱ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላሉ። «ክንዴን መስኮት ላይ አስደግፌ ስለኖርኩ ነው፤ መስኮቱ ቀረ፣ እኔ ዘንበል እንዳልኩ ቀረሁ» ይላሉ። በበጋም በክረምትም እጅጌው ረጅም የሆነ ቡናማ ኮታቸውን አያወልቁም። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ሐያት ናት። እሷም አግብታ ኮምቦልቻ ትኖራለች፤ መምህርት ናት።

የቡና ማሽኑን ከኦሎምፒያ ገዝታ ያመጣችላቸው ሐያት ናት። አግብታ ስትሄድ አባቷ ብቻቸውን ቡና ለማፍላት እንዳይቸገሩ ብላ ነው። ከላይ ውሃ ይጨመርበታል፤ ውሃው ውስጥ ለውስጥ ሞቆ በተፈጨው ቡና ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከሥር ያለው የመስታወት ማንቆርቆሪያ ይቀበለዋል። በሕንፃችን እንዲህ ያለ ዕቃ ያለው ሌላ ሰው አልነበረም።

እኔ ወደ ቤታቸው መግባት የጀመርኩት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆኜ ነው። ሁለት ታናናሽ ወንድሞቼ ቤቱን ያምሱታል፤ ማንበብ አልቻልኩም ነበር። ጋሽ እንድሪስ በኮሪደሩ ላይ መጽሐፍ ይዤ ቆሜ አዩኝና እናቴን ጠሯት።

«ይቺ ልጅ ግድግዳ ተደግፋ ነው እንዴ ዶክተር የምትሆነው? እኔ ቤት ጠረጴዛ አለ፣ ወንበር አለ፣ የሚጮህ የለም። ትምጣና ታንብብ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሳቸው ቤት አነባለሁ። በሩን ሁልጊዜ ክፍት ያደርጉታል፤ እናቴ ከእኛ ቤት ሆና ታየኛለች። እሳቸው ከሌሉ ደግሞ ቁልፉን ለእናቴ ትተው ይሄዳሉ። እኔ ሳነብ እሳቸው ሬዲዮናቸውን ዝቅ አድርገው መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። ስደክም ያውቃሉ። «አብሽሪ። አሁን ወደ ደብረ ሲና ተቃርበሻል፤ ዳገቱ ሊያልቅ ነው» ይሉኛል። መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል «ኮምቦልቻ ገባሽ» ይላሉ።

ጎረቤት ቡና ጠጡ ብሎ ሲጠራቸው አይሄዱም። «እናንተ እኔ ቤት ኑ» ይላሉ። በእኛ ሕንፃ ቡና እምቢ ማለት ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰው ያኮርፋል። ሲጋብዝ የሚውልን ሰው ግን ማን ይቀየማል? ቅዳሜ ከሰዓት በር ተከፍቶ ማሽኑ ሲንጠባጠብ ከየፎቁ ሰው ይመጣል። አዘውትረው የሚመጡት ከሁለተኛ ፎቅ እትዬ ብርቄ ናቸው። ከጋሽ እንድሪስ ጋር እኩያ ስለሆኑ ሲነጋገሩ አንተና አንቺ ነው የሚባባሉት።

እትዬ ብርቄ ማሽኑን መጀመሪያ ያዩበትን ቀን አልረሳውም።

«እንድሪስ፣ ይሄ ነገር ጉንፋን ይዞታል እንዴ? ያንጠባጥባል እኮ።»

«ታገሺ ብርቄ፤ ዳገት እየወጣ ነው።»

«ዳገት የሚወጣ መኪና ይጮሃል። ይሄ ምነው ዝም አለ?»

ውሃው ሊያልቅ ሲል ማሽኑ ተንጎራጎረ፤ እንፋሎትም ተፋ።

«ይኸው፣ ማርሽ ቀየረ» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

እትዬ ብርቄ የተቀዳላቸውን ጠጡና ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «አቦሉ ደህና ነው። ቶናውስ?» አሉ። ጋሽ እንድሪስ ማሽኑን አዩት። ስለ ቶና የተጻፈ ነገር በመመሪያው ላይ አልነበረም። ትንሽ አሰቡና ቡናውን ሳይቀይሩ፣ በዚያው በረጠበው ላይ ሁለተኛ ውሃ ለቀቁበት። ሦስተኛም ለቀቁበት፤ በረካው ሊቀር አይችልማ። ሦስተኛው ሲቀዳ የሲኒው ሥር ይታይ ነበር።

«ይሄ ቡና አይደለም፣ የቡና ወሬ ነው» አሉ እትዬ ብርቄ።

«ወሬ የምትጠዪ ከሆነ ከምሳ ጀምሮ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ከዚያ ወዲያ ማሽኑ በእኛ ፎቅ ሕግ ሦስት ጊዜ ይሠራል። ጋሽ እንድሪስ ለሁሉም ይቀዳሉ፤ ራሳቸው ግን ሲኒያቸውን ይዘው ይቀመጣሉ እንጂ ሲጠጡ አይቼ አላውቅም። ይህን ልብ ያልኩት ኋላ ነው። የሚቀዳ ሰው አለመጠጣቱን ማንም አያይም።

እንግዳው ሲበተን ማሽኑን የማፍሰስ ሥራ ይጀምራል። ይህን ሥራ ለማንም አይሰጡም። መጀመሪያ ሶኬቱን ይነቅሉና እስኪበርድ ይጠብቃሉ። «በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈስ ሹፌር ሁለተኛ መኪና አይሰጠውም» ይላሉ። ከበረደ በኋላ የቡናውን አተላ ከነማጥለያው አውጥተው ያጥባሉ። ከዚያ ማሽኑን እንደ ሕፃን ሁለት እጃቸውን ሥር አድርገው ያነሡትና የዕቃ ማጠቢያው ላይ ወደ ኋላ ያዘነብሉታል። ውሃው ያለቀ ሲመስል አይቸኩሉም። ጆሯቸውን አስጠግተው ነቅነቅ ያደርጉታል፤ ከውስጥ ቱቦው ውስጥ የቀረችው ሲኒ የማትሞላ ውሃ ትወርዳለች። በመጨረሻ ክዳኑን ከፍተው ያሳድሩታል።

«ለምን ክፍት ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኋቸው አንድ ቀን።

«ይተንፍስ። ውሃ ተኝቶ ያደረበት ነገር ሁሉ ይደፈናል። ራዲያተርም፣ ማሽንም።» ክዳኑን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ «ሰውም» አሉ።

የሰፈራችን ውሃ የጉድጓድ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ኖራ የመሰለ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ ማሽኑ በአቼቶ ይታጠባል። አቼቶውን ከውሃ ጋር እኩል አድርገው ይጨምሩና ያበሩታል፤ ግማሹ ሲወርድ ያጠፉትና ሰዓታቸውን እያዩ ይጠብቃሉ። ቅርፊቱ እስኪላቀቅ ነው። ከዚያ የቀረውን ይለቁታል። ነጩ ፍርፋሪ ወደ ማንቆርቆሪያው ሲወርድ ያሳዩኛል። «እይ፣ ይሄን ሁሉ ተሸክሞ ነበር ቡና ሲያወጣልን የከረመው» ይላሉ። ሽታው እስኪጠፋ ሦስት ጊዜ ንጹሕ ውሃ ያሳልፉበታል። ሦስተኛውን አሽትተው እኔንም ያስሸትቱኛል። «ምን ይላል?» ሲሉኝ «ምንም አይሸትም» እላለሁ። «እንግዲያው ዳነ» ይላሉ።

ሰኞና ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ይወጣሉ። ወዴት እንደሚሄዱ የሚጠይቃቸው ካለ «ላምበረት፣ ጓደኞቼ ዘንድ» ይላሉ። ከምሳ በኋላ ይመለሳሉ። ተመልሰው ሲመጡ ፊታቸው አመድ ይመስላል። የመንገዱ ድካም ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ከቡልቡላ ላምበረት ሁለትና ሦስት ታክሲ ነው።

መጋቢት ውስጥ አንድ ረቡዕ ከሰዓት እያነበብኩ ሳለሁ እሳቸው ስልክ ያወሩ ነበር። «ነገ አልችልም፤ የእጥበት ቀኔ ነው» ሲሉ ሰማኋቸው። ከዚያ ስልኩን ዘግተው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። በጣም ደክሟቸው ነበር። የማሽኑ የአቼቶ ቀን በዚያው ሳምንት ነበርና ነገሩ በአእምሮዬ ተያያዘ። ለእኔ ያን ሁሉ አድርገውልኛል፤ እኔ ግን አንድ ሲኒ እንኳ አጥቤላቸው አላውቅም ነበር። እንዲህ ደክመው ማሽን ሊያጥቡ ነው ብዬ አዘንኩ።

ሐሙስ ትምህርት በግማሽ ቀን ተለቀቅን። እናቴን ቁልፍ ጠይቄ ገባሁና ሲያደርጉ እንዳየሁት አደረግሁ። ያየሁትን ሁሉ አስታወስኩ፤ መጠኑን ብቻ አላስታወስኩም። የአቼቶውን ጠርሙስ በሙሉ ገለበጥኩበት።

ጋሽ እንድሪስ ሲመጡ ሽታው ኮሪደር ወጥቶ ነበር። በሩ ላይ ቆመው አፍንጫቸውን በኮታቸው ጫፍ ያዙ።

«ቤቱን ሰላጣ አደረግሽው እኮ ልጄ። ምን ሆነሽ ነው?»

«ዛሬ የእጥበት ቀን ነው ሲሉ ሰምቼ... ደክሞዎት ስለነበር እኔ ላጥብልዎ ብዬ ነው።»

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ሳቁ። ግድግዳውን ይዘው ሳቁ፤ ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው፤ እዚያም ተቀምጠው ሳቁ። መጨረሻ ላይ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ማሽኑን አጠብሽው?»

«አዎ።»

«ጎበዝ። እኔም ታጥቤ መምጣቴ ነው።»

አልገባኝም። ያን ጊዜ ኮታቸውን አወለቁ፤ ያለ ኮት ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። የግራ እጅጌያቸውን ጠቀለሉ። ክንዳቸው ላይ ነጭ ፋሻ ታስሯል። ከፋሻው በታች የደም ሥራቸው እንደ ገመድ ወፍሮ ቆዳቸውን ገፍቶታል።

«እጅሽን አምጪ። አትፍሪ።»

ጣቴን አስነኩኝ። የደም ሥሩ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ማቆሚያ የለውም፣ ሞተሩ ሳይጠፋ የቆመ አውቶቡስ ወለል ላይ እግር ሲያሳርፉ እንደሚሰማው ያለ ነው።

«ሞተሬ እዚህ ነው ያለው። የኩላሊት እጥበት ሲባል ሰምተሻል? ሰኞና ሐሙስ ደሜን በማሽን ያጥቡልኛል። ላምበረት አይደለም የምሄደው።»

ከጓዳ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ አምጥተው አሳዩኝ። ጎኗ ላይ በእስክርቢቶ መስመር ተሰምሮባታል። የቀን ውሃቸው እስከዚያ መስመር ነው፤ ሾርባውም፣ ሻዩም፣ መድኃኒት የሚውጡበትም ከእሷ ይቀነሳል። ጎረቤት ቤት ገብተው ሦስት ሲኒ ቢጠጡ ሌላው የለም። እምቢ ቢሉ ደግሞ ምክንያቱን ይጠየቃሉ። «ሰው በረመዳን ይጾማል፤ እኔ ዓመቱን ሙሉ ውሃ እጾማለሁ። ቀጂ ሆኜ ነው ያመለጥኩት» አሉ።

«ለምን ይደብቁታል ጋሼ?»

«ለሐያት እንዳይደርስ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገሩኝ። ሐኪሙ የሥጋ ዘመድ ኩላሊት ቢሰጣቸው ከማሽኑ እንደሚላቀቁ ነግሯቸዋል። «ልጅ አለዎት?» ሲላቸው «የለኝም» ብለዋል። በሕይወታቸው ከዋሹት ሁሉ የከበዳቸው ይህ እንደሆነ ነገሩኝ።

«ሐያት ካወቀች በማግሥቱ እዚህ ናት። ውሰድ ትለኛለች፤ አውቃታለሁ። ገና አንድ ልጅ ነው ያላት፣ እሱም ጡት አልጣለም። ፍሬን እምቢ ያለው ሹፌር መኪናውን ከተራራው ጋር ያላትማል እንጂ ሰው ወዳለበት አይነዳም።»

እሷ ትወስን ልል ፈለግሁ። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ትልቅ ሰው ሲናገር ማቋረጥ አልለመድኩም፤ እሳቸውን ማስከፋትም አልፈለግሁም።

«ቤዛ፣ ይሄ አማና ነው» አሉኝ። አማና ማለት በእሳቸው ዘንድ አንድ ሰው አምኖ በእጅሽ ያስቀመጠው ነገር ነው፤ የሚበላ ሰው አላህ ይጠይቀዋል። «ለእናትሽም፣ ለማንም። ለሐያት ደግሞ በፍጹም።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

ቃሌን በደንብ ጠበቅሁ። ሰኞና ሐሙስ እናቴ «እኚህ ሰውዬ ምነው በላምበረት ፍቅር ያዛቸው» ስትል «ጓደኞች አሏቸው» እላለሁ። እናቴ ሙዝ ልካላቸው እንደሆነ ለኩላሊታቸው እንደተከለከለ ስለማውቅ ተቀብዬ ለወንድሞቼ እሰጣለሁ። የሚያውቅላቸው ሰው በመገኘቱ ደስ ያላቸው ይመስለኛል። ከእጥበት ሲመለሱ «ዛሬ እንዴት ነበር?» እላቸዋለሁ። «ወላሂ ዛሬ የነርሷ እጅ ቀላል ነው» ይላሉ፤ ወይም «አጠገቤ የነበረው ልጅ ወንበሩ ባዶ ነበር» ይላሉ። እንዲህ ያሉ ቀን ሌላ አያወሩም።

ሐያት በየሁለት ቀኑ በቪዲዮ ትደውላለች። ስልኩን የሚያስተካክልላቸው ሰው ስለሚፈልጉ ብዙ ጊዜ እኔ ነኝ የማነሣው። ልጇን ታቅፋ ትታያለች። «ቤዛ፣ አባዬ ማሽኑን ይጠቀምበታል? ወይስ እንደ ጌጥ አስቀምጦታል?» አለችኝ አንድ ቀን። «በየሳምንቱ ነው የሚሠራው» አልኳት። ውሸት አልነበረም። «እሱስ ይጠጣል?» አለች። ጋሽ እንድሪስ ከስልኩ ጀርባ ሆነው አዩኝ። «ይጠጣሉ» አልኳት። ያቺ ለሐያት የዋሸኋት የመጀመሪያዋ ውሸት ናት።

ሁለተኛዋ በጽሑፍ ነበረች። ፈተናውን አልፌ የምመደብበትን ዩኒቨርሲቲ ስጠብቅ፣ መስከረም ውስጥ፣ ሐያት በቴሌግራም ጻፈችልኝ። «የአባዬ ፊት አብጦ ታየኝ። ስጠይቀው ይስቃል። አንቺ አጠገቡ ነሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ፣ ደህና ነው?»

ያን ጊዜ ደህና አልነበሩም። ሁለት ፎቅ ወጥተው ደረጃው ላይ መቀመጥ ጀምረው ነበር። እትዬ ብርቄ «አርጅተሃል እንድሪስ፣ ተቀበለው» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። ስልኩን ይዤ እስከ ማታ ቆየሁ። ጽፌ አጠፋሁ፣ ጽፌ አጠፋሁ። ከዚያ ሄጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ፊደሎቹን በጣታቸው ነኩ።

«ብልህ ናት» አሉ። «ምን ልትመልሺላት ነው?»

«እርስዎ ምን ልበላት?»

«አማና ሰጥቼሽ የለ?»

«ጋሼ፣ ከጠየቀችኝስ...»

«ቤዛ።»

ድምፃቸው አልጨከነም። ቢጨክን ይሻለኝ ነበር። እዚያው ፊታቸው ቆሜ፣ «ደህና ናቸው፤ እንቅልፍ አጥተው ነው» ብዬ ጻፍኩና ላክሁ። «አልሐምዱሊላህ። አመሰግናለሁ እህቴ» ብላ መለሰችልኝ።

ኅዳር ላይ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስሄድ ሻንጣዬን አውቶቡስ ድረስ ሊሸኙ ፈለጉ፤ ደረጃው ስለማያስችላቸው በራቸው ላይ ተሰናበትን። «መንገድ ላይ ሹፌሩን እይው። መስታወቱን ደጋግሞ የሚያይ ከሆነ ተኚ፤ የማያይ ከሆነ አትተኚ» አሉኝ። ማሽኑን ማን ያፈስልዎታል አልኳቸው። «እጄ እስካለ እኔው ነኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ በስልክ እንጂ በአካል አላየኋቸውም።

የሞቱት ከአልጋ ሳይነሡ ነው። ለእጥበት የሚሄዱበት ቀን ነበር። እናቴ እንደ ልማዷ ቁልፉን ስትጠብቅ ቆይታ በሩን አንኳኳች።

እኔ የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ሐያት ከነልጇ መጥታ ነበር። ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ እትዬ ብርቄ ለቀስተኛውን ያስተናግዳሉ። ሐያት ስታየኝ ተነሥታ አቀፈችኝ። «እህቴ፣ አንቺ ነሽ ያስታመምሽው» አለችኝ በጆሮዬ። ስለ ልብ ሕመሙ ማለቷ ነበር። እኔም አጥብቄ አቀፍኳት።

በስድስተኛው ቀን ሰው ሲቀንስ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። የአባቷን ልብስ እያጣጠፈች ነበር። በቡናማው ኮት የውስጥ ኪስ ያገኘችው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። የእጥበት ክትትል ካርድ ነው፤ በየሰኞውና በየሐሙሱ ተፈርሞበታል፣ ጀርባውም ሞልቶ ሌላ ካርድ ተያይዞበታል። አንድ መስመር ላይ «የቤተሰብ ለጋሽ፦ የለም» ይላል።

ሐያት አላለቀሰችም። በዝግታ ነው የጠየቀችኝ።

«ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአምና መጋቢት።»

ጣቷን አንድ ሁለት እያለች አጠፈች። አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ስልኳን አንሥታ ፈለገችና የመስከረሙን መልእክቴን ከፍታ ወረቀቱ አጠገብ አስቀመጠችው። ሁለቱን ጎን ለጎን አየኋቸው።

«አማና ነው ብለውኝ ነው» አልኳት።

«አማና» አለች። ቃሉን እንደማታውቀው ሁሉ ደገመችው። «ቤዛ፣ አማና ለባለቤቱ የሚመለስ ዕቃ ነው። አባቴ እኮ ነው። የአማናው ባለቤት እኔ ነበርኩ።»

ልጇ ከሳሎን አለቀሰ፤ እትዬ ብርቄ «እሹሩሩ» ሲሉት ተሰማ። ሐያት ወደዚያ ዞር ብላ አየችና ወደ እኔ ተመለሰች።

«ብሰማ ኖሮ እሰጠው ነበር ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። መርፌ እፈራለሁ። ባሌ ምን ይል እንደነበር አላውቅም። ሕፃን አለኝ። እምቢ ብዬ ሊሆን ይችላል። እሺ ብዬም ሊሆን ይችላል። አሁን የትኛዋ እንደሆንኩ እስክሞት አላውቅም። አባዬም አንቺም ተመካክራችሁ ይህን ወሰዳችሁብኝ።»

«ይቅር በዪኝ» አልኳት።

«እሺ» አለች። ይቅርታ ማድረጓ ይሁን መስማቷ ብቻ አላወቅሁም።

ከዚያ እንድቀመጥ አደረገችኝና ያለፈውን ሁሉ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ምን እንዳሉ፣ ክንዳቸውን እንዴት እንዳሳዩኝ፣ ሐኪሙ ሲጠይቃቸው ምን እንደመለሱ። አንዱንም ሳልደብቅ ነገርኳት። አንዳንዱን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ስለ ፍሬኑና ስለ ተራራው ስነግራት ብቻ ፊቷን በኮቱ ሸፈነች።

የኪራይ ቤቱን ለአከራዩ እስክታስረክብ ሳምንት ያህል ቆየች። ማሽኑን ለእትዬ ብርቄ ሰጠች፤ አፈሳሱን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። የምትሄድ ቀን ከእናቴ ጋር ላምበረት ድረስ ሸኘናት። መናኸሪያው ውስጥ የድሮ ሹፌሮች የእንድሪስ ልጅ መሆኗን ሰምተው መጡ፤ አንድ በአንድ እጇን ጨበጡ፣ ከፊተኛው ወንበር አስቀመጧት። ልጇን በመስኮት አቀበልኳት። «ትምህርትሽን ተማሪ» አለችኝ። ሌላ ነገር ትል እንደሆነ ብዬ እስኪነሡ ድረስ መስኮቱ ሥር ቆምኩ። አላለችም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ በቴሌግራም ጽፌላታለሁ። አንብባዋለች፤ አልመለሰችም። ሐያትን የወሰዳት አውቶቡስ ከላምበረት የወጣው የካቲት ሃያ ስድስት ቀን፣ ጠዋት ነው።